«ልጃችን ነጋዴ ነው» ሲባል ፊት ለምን ይጠቁራል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ነጋዴ» ነው። በየቀኑ እንጠራዋለን፣ በየሰፈሩ እንሰማዋለን። ግን ሰው ራሱን ሲጠራበት ያፍራል፣ ሌላውን ሲጠራበት ደግሞ ስድብ ያደርገዋል። ጉዳዩ ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ስለቆየ አራቱንም አንድ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ ስለነበር ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ስለሆነ ባለፈው ሽማግሌ ልከን ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው እንደነገሩን፣ እንደ ወጉ ቆመው ከቆዩ በኋላ ቁጭ በሉ ተባሉ፣ ከዚያ የልጅቷ አጎት «ለመሆኑ የልጃችሁ ሥራ ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። ከእኛ በኩል ትልቁ ሽማግሌ «ልጃችን ነጋዴ ነው» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። አጎትየው «ነጋዴ ማለት?» ብለው ደገሙ። ይሄኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቶሎ ብሎ «ኢንቨስተር ነው፣ የታወቀ ባለሀብት ነው» አለ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ትልቁን ሽማግሌ ተቀየማቸው። «ሱቅ በደረቴ አስመሰሉኝ» ይላል። እሱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ቧንቧ፣ ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሸጣል። ሁለት ሠራተኛ አለው። አሁን ሠርጉ ላይ አስተዋዋቂው ምን ብሎ እንደሚጠራው ቤተሰቡ ሊስማማ አልቻለም። እናቴ «ባለሀብት» ይባል ትላለች። እሱ «ቢዝነስማን» ይላል። እኔ ደግሞ «ነጋዴ» ምን ነውር አለው እላለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ወንድምሽም ግን በከንቱ አልከፋውም፣ ቃሉ ላይ የተለጠፈ የቆየ ነገር አለ።

መጀመሪያ እሱን እንየው። በድሮው የደጋ አገር ክብር የሚገኘው ከመሬት፣ ከጦርና ከክህነት ነበር። ንግድ ከሦስቱም ውጪ ነው። ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት ስለሚከለከል ኑሮውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረተ፣ በብዙ ቦታ ጀበርቲ (የደጋው ሙስሊም) ማለትና ነጋዴ ማለት አንድ እስኪመስል ድረስ። ጎንደር ላይ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ «ነጋዴ ነው» ማለት በባላባቱ ጆሮ «ርስት የሌለው ነው» እንደማለት ይሰማ ነበር። ኋላ ደግሞ ደርግ መጣ። በ1968 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ አንድ ሰው በችርቻሮ ንግድ ከ200 ሺህ፣ በጅምላ ደግሞ ከ300 ሺህ ብር የበለጠ ካፒታል እንዳይኖረው ተገደበ። ነጋዴ በዝባዥና አሻጥረኛ እየተባለ በሬዲዮ ይረገም ጀመር። ያ ትውልድ ነው ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጠው። አጎትየው «ነጋዴ ማለት?» ሲሉ ምን በልባቸው እንደነበር አላውቅም፣ ግን ቤቱ ዝም ማለቱ አይገርመኝም።

የቃሉ የራሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ይህን ለወንድምሽ አንብቢለት።

በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ መንገድ ሄደ ማለት ነው። «ነጋዲ» ደግሞ መንገደኛም፣ ለመሳለም የሚሄድ ሰውም፣ ነጋዴም ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎች የቤተ ክርስቲያንን ዓመታዊ በዓል ዛሬም «ንግደት» ይላሉ። የእኛ «እንግዳ» ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። «መስተንግዶ»፣ «ማስተናገድ»፣ ቡና የሚያቀርብልሽ «አስተናጋጅ» ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ነጋዴ ማለት እንግዳ ሆኖ ከሰው አገር የሚደርስ፣ እዚያ የሌለውን ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቃሉን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው።

ሲራራ ነጋዴውን አስቢው። ከእናርያና ከጅማ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም ባሶ ገበያ አልፎ፣ ጎንደር ደርሶ፣ እስከ ምጽዋ ይወርዳል። በቅሎና አህያ፣ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ። ሲመለስ ጨርቅና ብርጭቆ። ኪሱ ውስጥ የማርትሬዛ ብር፣ ለመንገዱ ደግሞ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው። በእነዚያ መንገዶች ባሪያም ይነዳ ነበር፣ ያንን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ግን አንዱን የአገራችንን ጫፍ ከሌላው ያገናኙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አለቃቸው «ነጋድራስ» ይባላል፣ የነጋዴዎች ራስ። ሲራራውን ይመራል፣ ኋላ ላይ ደግሞ ቀረጡን የሚሰበስበውና ገበያውን የሚያስተዳድረው ሹም ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግዱንና የውጭ ጉዳዩን ሥራ የያዙት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ስለ አገሩ ኢኮኖሚ ቀድሞ አጥብቆ ካሰቡት አንዱ የሆነው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። በዚያ ዘመን ማንም በዚህ ማዕረግ አላፈረም።

አሁን ወደ ሠርጉ። እናትሽ «ባለሀብት» ያሉት ልጃቸውን ከፍ ለማድረግ ነው፣ እረዳቸዋለሁ። ግን ባለሀብት ሥራን አይናገርም። የሚናገረው ስለ ኪስ ነው። የሱቁ ዕቃ ግማሹ በዱቤ የተነሳ ከሆነ፣ እዚያ አካባቢ ደግሞ ብዙው እንደዚያ ነው፣ ባለሀብት መባሉ ለእሱም ሸክም ይሆንበታል። ከማግስቱ ጀምሮ ብድር ጠያቂው ይበዛል። የአማቾቹም ግምት ይሰቀላል። ለሀብታም የሚሆን ቃል እንደሆነ ሞልቶናል፣ ባለጸጋ፣ ዲታ፣ ከበርቴ፣ ቱጃር። በነገራችን ላይ «ቱጃር» ዐረብኛ ነው፣ እዚያ ትርጉሙ «ነጋዴዎች» ማለት ብቻ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ነው ሀብታም የሆነው። ያንኑ ሥራ በባዕድ ቃል ሲጠሩት ከበረ፣ በራሳችን ቃል ሲጠሩት ቀለለ ማለት ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

«ኢንቨስተር» ደግሞ ልክ አይደለም፣ በቃ። የኢንቨስትመንት ፈቃድና የንግድ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ወንድምሽ ግድግዳው ላይ የሰቀለው የንግድ ፈቃድ ነው። አጎትየው ነገ ሱቁ ድረስ ቢመጡና ያንን ቢያነቡ ሽማግሌ ዋሽቶ ልጅ ጠየቀ ይባላል። ያ ደግሞ ከ«ነጋዴ» ይልቅ ያሳፍራል።

«ቢዝነስማን»ስ? ለራሱ ደስ ካለው ጓደኞቹ መሀል ይባልበት። ግን ይህ ቃል ምንም አይነግርሽም። ኮንትሮባንድ የሚያመላልሰውም፣ ባለ ፋብሪካውም፣ ሥራ ፈትቶ ካፌ የሚውለውም «ቢዝነስማን ነኝ» ይላል።

ታዲያ ምን ይባል? መልሱን መርካቶ ሄደሽ ስሚው። እዚያ ሰውየውን «ሥራህ ምንድነው?» ብትዪው «ነጋዴ ነኝ» ብሎ አይቆምም። «ጨርቅ ላይ ነኝ» ይልሻል። «ቆርቆሮ ላይ ነኝ»፣ «በርበሬ ላይ ነኝ»፣ «አባቴም ሸማ ተራ ነበር፣ እኔም እዚያው ነኝ»። ዕቃው ይቀድማል። «ነጋዴ» ብቻውን ራቁቱን ሲመጣ ሰፊ ነው፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ማስቲካና ሶፍት በደረቱ ይዞ ከሚዞረው ልጅ ጀምሮ ቡና በመርከብ እስከሚልከው ድረስ ይይዛል። አጎትየውም «ነጋዴ ማለት?» ሲሉ ምናልባት የጠየቁት ይህንኑ ነው፣ ምን የሚሸጥ? ትልቁ ሽማግሌ ያኔ «የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፣ ተክለ ሃይማኖት ሱቅ አለው፣ ሁለት ሰው ቀጥሮ ያሠራል» ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሠርጉ ላይም አስተዋዋቂው እንደዚያው ይበል። «የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ» የሚለው ጨዋ አጠራር ነው። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምሽ «ሱቅ በደረቴ አስመሰሉኝ» ያለው ደስ አላለኝም። ሱቅ በደረቴው ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቆሞ፣ ከፖሊስም ከዝናብም እየሸሸ፣ ማታ ለእናቱ ዳቦ ገዝቶ የሚገባ ነጋዴ ነው። ዛሬ ትልቅ መደብር ያላቸውን ጠይቂያቸው፣ ስንቱ ከዚያ ተነሣ። ሽማግሌውንም ይቅርታ ይጠይቃቸው። የተናገሩት እውነት ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አንድ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። እናቴ ስትደውል «ምን ላይ ነህ?» ስትለኝ «ቢዝነስ ላይ ነኝ» አልኳት። እሷም ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ነጋዴ ሆኗል» ብላ አወራች። አሁን ዘመዶቼ ዕቃ እንድልክላቸው፣ አብረን እንድንነግድ ይደውላሉ። «ነጋዴ» ማለት ትክክል ነው? ካልሆነ በአማርኛ ምን ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትክክል አይደለም፣ ጥፋቱ ግን የእናትህ አይደለም። እሳቸው የሰሙትን ተርጉመዋል። ነጋዴ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በራሱ ኪሳራ የሚሸጥ ሰው ነው። ሲያተርፍ የእሱ ነው፣ ሲከስርም የእሱ ነው። አንተ ዕቃው ቢሸጥም ባይሸጥም ደመወዝህን ትቀበላለህ። ስለዚህ ተቀጣሪ ነህ፣ «የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ» በላቸው። ሒሳብ ላይ ያለው «የሒሳብ ሠራተኛ» ነው፣ የሚያስተዳድረው «ሥራ አስኪያጅ» ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ ቃል አለው። «ቢዝነስ» የምትለዋ ቃል እዚህ አገር ቤት ስትደርስ ሱቅ፣ ዶላርና ሻንጣ ነው ይዛ የምትመጣው። አሁኑኑ ደውልና አስተካክል፣ ነገሩ ሥር ሳይሰድ።

ጥያቄ፦ እኔ ቤቴ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለሰፈራችን ሱቆች አስረክባለሁ። መታወቂያ ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ሥራ የሚለው ቦታ ላይ «የቤት እመቤት» ሊጽፉ ሲሉ «ኧረ እሠራለሁ» አልኩ። የሚጽፈው ልጅ «እንግዲያው ነጋዴ ልበልሽ?» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ግራ ገባኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ? ልጄ ደግሞ «ቢዝነስ ውመን በይ» ትለኛለች።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ደስ ያሰኘኝ ነው፣ ምክንያቱም ልዩነቱን በእጅሽ ይዘሽው ነው የጠየቅሽው።

በጥብቁ ትርጉም ነጋዴ የገዛውን መልሶ የሚሸጥ ነው። ጤፍ በኩንታል ገዝቶ ጤፉን በኪሎ የሚሸጥልሽ ሰውዬ ነጋዴ ነው። አንቺ ግን ጤፍ ገዝተሽ ጤፍ አትሸጪም። ታስፈጪዋለሽ፣ ታቦኪዋለሽ፣ በእርሾ ታስቀምጪዋለሽ፣ አብሲት ትጥያለሽ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተሽ ምጣድ ታሟሻለሽ። እንጀራው ዓይን አወጣ፣ አላወጣም፣ ያ የአንቺ እጅ ነው። የምትሸጪው ሙያሽን ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ የተተካው የ1952ቱ የንግድ ሕግም ይህን ልዩነት ያውቀው ነበር። ነጋዴ የሚላቸው ንግድን ሥራቸው አድርገው ለትርፍ የሚሠሩትን ነበር፣ የራሱን ማሳ ምርት ገበያ አውጥቶ የሚሸጠውን ገበሬና በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን ባለሙያ ግን ለይቶ ያስቀምጣቸው ነበር። ገበሬው ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስለሸጠ ነጋዴ አልሆነም። ሸማኔውም እንዲሁ።

ስለዚህ በቃሉ ጥራት ካየነው «እንጀራ ጋጋሪ» ነሽ። «ጋጋሪ» የሚለው ግን ሰው ቤት ተቀጥራ የምትጋግረውን ስለሚያስመስል አንቺን አይገልጽሽም። አንቺ በራስሽ ጤፍ፣ በራስሽ ምጣድ፣ በራስሽ ኪሳራ ነው የምትሠሪው። «እንጀራ አቅራቢ» የሚለው ጥሩ ነው፣ ምግብ ቤቶቹም ሲያስቡሽ እንደዚያ ነው የሚያስቡሽ። ሥራው ሰፍቶ ሴቶች ቀጥረሽ፣ ፈቃድ አውጥተሽ መደብር ስትከፍቺ ደግሞ ነጋዴ ብትባዪ ልክ ነው። መታወቂያሽ ላይ አሁን «ነጋዴ» ቢጻፍ አይጎዳሽም፣ ከ«የቤት እመቤት» በብዙ ይሻላል። ልጁን «ኧረ እሠራለሁ» ብለሽ ማቆምሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ስንት ሴት ቤት ውስጥ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሥራ እየሠራች ወረቀት ላይ «የቤት እመቤት» ተብላ ትቀራለች። ጉልት ላይ ቲማቲምና ጎመን ደርድራ አምስት ልጅ ያሳደገችዋም ስትጠየቅ «ሥራ የለኝም» ትላለች። ልቤ የሚነካው ይሄ ነው።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ነገሩን ከፍቅር ነው ያለችው፣ ግን ቃሉን አትውሰጂው። እዚህ ከተማ «ቢዝነስ ትሠራለች» ሲባል አንዳንድ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። አንቺ እንዲያ ዓይነት ጥርጣሬ ለምን ታተርፊያለሽ? «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉሽ «እንጀራ አቀርባለሁ» በይ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ድሮ አትክልት ተራ ነበርኩ፣ በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ ሄድን፣ አሁን ሃይሌ ጋርመንት ነኝ። 19 ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር ዜናው «ስግብግብ ነጋዴዎች» ይላል። ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «አባዬ፣ አንተ ስግብግብ ነህ?» አለኝ። የክፍሉ ልጆች ናቸው ያሉት። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላወቅሁም። ሥራውን ብቀይር ይሻል ይሆን ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ያሳደገኝ ሰው ነጋዴ ነበር። አክስቴ ናት፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቆሎና ጥራጥሬ። ጨለማ ሳይገፈፍ ተነስታ ትወጣለች። መደቧ ላይ ጆንያውን አፉን ጠቅልላ ትከፍታለች፣ ጣሳዋን ትተክላለች። ጣሳውን ስትሰፍር በእጇ አትደፈጥጠውም፣ እላዩ ላይ ቁልል እስኪሠራ ትሞላዋለች። ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች። አክስቴ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ሁልጊዜ ትጨምራለች። ያ እፍኝ ከትርፏ የሚወጣ መሆኑን ያወቅሁት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት «የአሳዳጊ ሥራ» የሚል ወረቀት ሲሰጠን እኔ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ክፍል ውስጥ «የነጋዴ ልጅ» ማለት የሚያሾፉበት ነገር ነበር። ማታ አክስቴ ወረቀቱን በጎረቤት ልጅ አስነበበችው። ምንም አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ጠዋት ማን ነው የሚወጣው ታዲያ?» አለችኝ። በማግስቱ ሰርዤ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ የልጅዎ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም።

አሁን ስለ ዜናው። ሽንኩርት ለምን እንደሚወደድ እርስዎ ያውቃሉ፣ አንባቢው ግን ላያውቅ ይችላል። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከፎገራ ይመጣል። ዝናብ ያለጊዜው ቢወርድ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ማዳበሪያው ቢወደድ ገበሬው ዋጋ ይጨምራል። ነዳጅ ቢጨምር አይሱዙው ይጨምራል። መሀል ላይ ደላላ አለ፣ ኬላ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ። ሽንኩርት ደግሞ እንደ ብረት አይደለም፣ ጆንያ ውስጥ ባደረ ቁጥር ይደርቃል፣ ኪሎው ይቀንሳል፣ አንዱ ከበሰበሰ ጎኑ ያለውን ይዞት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ መጨረሻ ላይ ዋጋውን በአፉ የሚናገረው እርስዎ ነዎት። ገዢው የሚያየው እርስዎን ብቻ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ይህ ነው።

እንዲህ ስል ሁሉም ነጋዴ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚፈጭ አለ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚያቦካ አለ። ዘይት ደብቆ ዋጋ እስኪሰቀል የሚጠብቅ አለ። እነዚህን አይተናል፣ በልተናልም። ግን ለእነዚህ አማርኛ ስም አለው። አጭበርባሪ ይባላሉ። ሌባ ይባላሉ። በሚዛን የሚሰርቀውን «ነጋዴ» ብለን ስንጠራው ሌባውን ሸፈንነው፣ እርስዎን ደግሞ አብረን ረገምንዎት። ሐኪም ሲያጠፋ «ያ ሐኪም አጠፋ» ይባላል። ነጋዴ ሲያጠፋ ግን «ነጋዴዎች» ተብሎ ሁሉም በአንድ ጆንያ ይታሰራል። ይህ ፍትሕ የለውም።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ይበድላል። «ነገደብኝ» እንላለን፣ ተጠቀመብኝ ለማለት። «በደሀ ስም ይነግዳል» እንላለን። ፖለቲከኛው ሲዋሽ «የፖለቲካ ነጋዴ» ነው። ሰባኪው ሲያታልል «በሃይማኖት ነገደ» ይባላል። ውሸታሙ ፖለቲከኛና አታላዩ ሰባኪ ያጠፉት በራሳቸው ሥራ ነው፣ ስሙን የሚሸከመው ግን የማያውቃቸው ሽንኩርት ሻጭ ነው። ይህን አምድ የምታነቡ ጋዜጠኞች ካላችሁ አደራችሁን፣ የደበቀውን «ዕቃ የደበቀ»፣ የቀላቀለውን «ባዕድ ነገር የቀላቀለ» በሉ። ሥራውን ንገሩን። «ስግብግብ» የልብ ነገር ነው፣ በየሰው ልብ ማን ገብቶ አየው?

ለልጅዎ ደግሞ በቃል ብዙ አያስረዱት። የ9 ዓመት ልጅ ማየት ነው የሚገባው። አንድ ቅዳሜ ይዘውት ይሂዱ። ሌሊት 9 ሰዓት ይቀስቅሱት፣ ጃኬት ያልብሱት። አይሱዙው ሲራገፍ ይይ። ጆንያው ተዘርግፎ የበሰበሰውን ከደህናው ሲለዩ አጠገብዎ ይቀመጥና እሱም ይልቀም። የተጣለው ምን ያህል እንደሆነ በራሱ ይቁጠር። ከዚያ ስንት እንደገዙ፣ ለጫኝ ስንት እንደከፈሉ፣ ስንት እንደሸጡ በደብተሩ ይጻፍ። ልጆች ሒሳብ ይወዳሉ። ቀን ላይ ደንበኛ መጥታ «መርቁልኝ» ስትል ምርቃቱን እሱ በእጁ ይጨምር።

ከዚያ ሰኞ አስተማሪዋን ያነጋግሯት። ለመውቀስ ሳይሆን ለመጠየቅ፣ ክፍል ገብተው ሽንኩርት ከማሳ እስከ ወጥ እንዴት እንደሚደርስ ለልጆቹ 10 ደቂቃ እንዲነግሯቸው። ሐኪምና ፓይለት ተጋብዘው ይናገሩ የለ? ሁለት ሦስት ራስ ሽንኩርት ይዘው ይግቡ፣ የፎገራውንና የመቂውን፣ ልጆቹ ልዩነቱን ያግኙት።

ሥራውን ስለመቀየር ያሉትን፣ ገበያው ካላዋጣዎት የራስዎ ሒሳብ ነው፣ እኔ አልገባበትም። በዜናው ምክንያት ከሆነ ግን አይቀይሩ። ገበያ ይቅናዎት።